የኮራሎችህ ውሃ ነገር

ሰኞ ጠዋት፣ መጋቢት 3

የኔ ጌታ፣ ልጄ፤

ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ሥራውስ? እኛ አለን። ኮራሎችህም፣ እነዚያ ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጥረቶችህ፣ አሉ። ግን ስለ ዓሣ ገንዳው በስልክ የነገርኩህ ግማሹን ብቻ ነው። አባትህ አጠገቤ ተቀምጦ ሌላውን እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ዛሬ ፀጉሩን ሊስተካከል ከእህትህ ጋር ወጥቷል፤ ሳይመለስ ልጻፍልህ።

ስትሄድ ሁለቱን ጠርሙሶች አደራ ያልከው እሱን ነበር፤ ካልሲየሙን ጠዋት፣ አልካሊኒቲ የምትለውን ማታ፣ አንድ አንድ ክዳን። «ኮራሎቹ አጥንታቸውን የሚሠሩት በእነዚህ ነው፤ ካነሰም ከበዛም አለቀላቸው» አልከው። ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ጠብታ አያዛንፍም ብዬ ልቤን ጥዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስገባ ገንዳው ወተት መስሏል። ዓሦቹ አይታዩም። አባትህ ጠርሙስ ይዞ ገንዳው ፊት ቆሟል።

«ምን አደረግህበት?»

«ምን አደረግሁ? የዛሬውን ገና አሁን መስጠቴ ነው።»

ሁለቱም ጠርሙሶች ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። እህትህን ጮኬ ጠራኋት፤ አሮጌውን ውሃ በባልዲ እየቀዳን፣ አዲስ የጨው ውሃ እየበጠበጥን መለስን። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ማነው እንዲህ ያደረገው?» እያለ ይጠይቀናል። መስጠቱን እየረሳ ደጋግሞ ሲሰጥ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ዓሣ መሸጫው ሄድኩ፣ አንተ «ካፒቴን» የምትለው ሻጭ ጋ። ስለ አባትህ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። «እየረሳን አስቸገርን፣ ሌላ ዘዴ የለም ወይ?» አልኩት። አንደኛው በጋዝ ሲሊንደር የሚሠራ ነው አለኝ፤ ጋዝ የሚለውን ስሰማ ቀሪውን አላዳመጥኩም። ሌላው ኖራ ነው። ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ፣ ከገንዳው በተነነው ውሃ ምትክ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው።

«ርካሽ ነው፣ ሁለቱንም አብሮ ይሰጣል። ግን ያቃጥላል፤ ዐይንና አፍ እንዳይነካዎት» አለኝ።

ልቀበለው እጄን ዘርግቼ ነበር። አባትህ ጠዋት ሻይው ውስጥ ጨው ጨምሮ ሲያማስል ያየሁት ትዝ አለኝና እጄን ሰበሰብኩ።

«ምነው እማማ?»

«ነጭ ዱቄት ቤቴ አላስገባም።»

የቀረው ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ከሁለቱ ጠርሙሶች በየተራ እየሳበ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥባል። የሰው እጅ አይፈልግም። እሱን ይዤ መጣሁ። እህትህ ገጥማው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍንበት።

አባትህ ቆሞ ሲያየን ቆየና «እና እኔ ምን ልሥራ?» አለ።

ልጄ፣ ከነጣው ውሃ ይልቅ ያ አነጋገሩ አስፈራኝ። ቀለም የሚለውጠውን የውሃ መመርመሪያ ሰጠሁት። «ፓምፑን ማን ያምነዋል? አንተ ተቆጣጠረው» አልኩት። አሁን በየጠዋቱ እሱ ትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ያንጠባጥባል፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ እቆጥራለሁ። እጁ ዛሬም ንቅንቅ አይልም። ቁጥሩን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።

የጥቂት ኮራሎች ጫፍ ነጥቷል፤ ሌሎቹ ትናንት እንደ አበባ ተከፈቱ። እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ቧንቧ ሲከፈት እሮጣለሁ፤ የውጭ በር ሲጢጥ ሲል ወጥቶ እንዳይጠፋ ብዬ ብድግ እላለሁ፤ ቤቱ ዝም ካለም ያው ነው። ለሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ ይዤለታለሁ። ለመነጽር ነው ብዬዋለሁ፤ አንተም እንደዚያው በለው።

ስትደውል ስልኩን እሱ አንስቶ «ማን ልበል?» ቢልህ ቀልድ ነው ብለህ አትሳቅ። ስምህን ቀስ ብለህ ንገረው፣ ጊዜ ስጠው። ፈቃድ ካገኘህም ቶሎ ና። ለምን መጣህ ካለህ፣ ኮራሎቼን ለማየት ነው በል።

በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ። ክፉ አይንካህ፣ የኔ ዓለም።

እናትህ