ወፍራሙን መጽሐፍ አትላክልኝ

ይድረስ ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርህና እንዴት ሰንብተሃል? ደረጃ ስትወጣ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለህ? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ግን አልዋሽህም፣ ከባድ ሳምንት ነው ያለፈብኝ።

ስለ ኮምፒውተር ጥበቃ ከተጻፉት ሁለት መጻሕፍት የቱን ልግዛልሽ ስትለኝ፣ ስለ ኔትወርክ ብቻ የሚያወራውን ወፍራሙን መርጬ ነበር። ሁሉንም ጥቂት ጥቂት የሚነካካውን ስሱን ለጀማሪ ነው ብዬ ናቅኩት። በክሊኒኩ ያለሁት የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ልቤ አብጦ ነበር፤ ታውቀኛለህ።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ሰው የበሽተኞችን መዝገብ ከፍቶ የአንዲት ሴት የምርመራ ውጤት ሰፈሯ ውስጥ በተነው። በማግስቱ መጥታ የዳይሬክተሩ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔም ባወቅኩት በኩል ሮጬ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የኔትወርኩን ዕቃ ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ምንም አልተገኘም።

መዝገቡ የተከፈተበትን ሰዓትና ኮምፒውተር ትናንት ሳይ ክው አልኩ። ሰውየው የገባው በካርድ ክፍል ኮምፒውተር ነው፤ ሠራተኛዋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ምሳ ላይ ሳሉ። እሳቸው ክፍላቸውን ቆልፈው አይወጡም፤ ባልደረባን እንደ መጠርጠር ነው ይላሉ። የይለፍ ቃሉን እንዳይረሱት በትልቁ ጽፌ ስክሪናቸው ላይ በፕላስተር የለጠፍኩላቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ለአሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ያንኑ አንድ ቃል የሰጠሁትም እኔው። ስሱ መጽሐፍ ይህን ገና መግቢያው ላይ ሳይናገር አይቀርም።

ዳይሬክተሩ በካርድ ክፍል በኩል መሆኑን ሰምቶ ለፊታችን ሐሙስ ስብሰባ ጠርቷል፤ እትዬን ሊያሰናብታቸው ቆርጧል። ዛሬ ጠዋት እሳቸው ጠርተውኝ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽና ጥፋቴ ምን እንደሆነ ንገሪኝ ቢሉኝ ትቻቸው ወጣሁ። ቡና ቤት ሄጄ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። ግን ሐሙስ ተነስቼ እውነቱን እናገራለሁ። እንጀራዬ ቢቀርም ይቅር እንጂ እሳቸው በእኔ ጦስ አይባረሩም።

ወፍራሙን ገዝተህ ከሆነ መልሰህ በስሱ ለውጥልኝ። ሥራው ባይኖርም አነበዋለሁ።

ባለቤትህን እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ትልቁ ልጅህ ፈተናውን እንዴት እንደሠራ ጻፍልኝ፤ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። የእናታችንንም ጉልበት ሳምልኝ። ስለ እኔ ከጠየቀችህ ሥራዋ ላይ ናት በላት፤ እስከ ሐሙስ ውሸት አይሆንብህም።

እህትህ

ከክሊኒኩ ኮምፒውተር ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን