በአንዲት ላም ለደነገጠው ባንክ

ይድረስ ለባንካችን ዋና መሥሪያ ቤት የሀብትና ዕዳ ዕቅድ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ባህሪያችንን አጥንታችሁ ስለ ደረሳችሁበት ግምት ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለባልደረቦችዎ፣ እንዲሁም ስለ እኛ ሲያስብ እንቅልፍ ላጣው ሶፍትዌራችሁ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ፈርሃና ሰማታር እባላለሁ፤ በነገሌ ቦረና ገበያ ዳር የጨርቅ ሱቅ ያለኝ የረጅም ጊዜ ደንበኛችሁ ነኝ። እኛ እዚህ ደህና ነን፤ ዝናቡም ተመልሷል። የደነገጣችሁት እናንተ መሆናችሁን ስሰማ ግን አላስችል ስላለኝ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገደድኩ።

ነገሩን ከሪፖርት እንጂ ከሰው አልሰሙትምና ባጭሩ ላስረዳዎት። የጎረቤቴን የኦቦ ዱቤን ከብቶች ድርቁ አንድ ሳያስቀር ጨረሳቸው። በእኛ አካባቢ ይህ የደረሰበትን ሰው ጎሳው፣ ወዳጁና ጎረቤቱ አዋጥተው እንደገና ባለ ከብት ያደርጉታል። ቡሳ ጎኖፋ ይባላል፤ ብድር አይደለም፣ ተመልሶም አይጠየቅም። ዝናቡ ሲመለስ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለኦቦ ዱቤ ልጆች ጥጃ ያስከተለች፣ የምትታለብ ላም እንድትገዛ ወሰኑ፤ አዋጪዎችም፣ እኔና ባለቤቴ ፋዲል ጭምር፣ በገበያው ዋዜማ የየድርሻችንን ለማውጣት ወደ ቅርንጫፋችሁ ሄድን። ሰልፉ በሩን አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተዘረጋ። ሰልፈኛው እንደ ሠርግ ቤት አካም፣ ናጋ እየተባባለ፣ ሰላምታ እየተለዋወጠ ይሳሳቅ ነበር። ሶፍትዌራችሁ ግን ሳቅ የሚመዘግብበት ቦታ ስላልተሠራለት፣ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው ገንዘቡን ካወጣ በባንኩ ላይ እምነት አጥቷል ማለት ነው ብሎ ገመተ። ከቀትር በኋላ ለማንኛችንም ከጥቂት ብር በላይ እንዳይከፈል ትእዛዝ ከእናንተ ዘንድ ደረሰ።

ስለዚህ ውለታችሁ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ኃይለመስቀል ትእዛዙን ቆመው እንዲያነቡልን ስላደረጋችሁ አመሰግናለሁ። እርሳቸውም ከአዋጪዎቹ አንዱ ስለነበሩ፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ እንደማንኛችንም ጥቂት ብራቸውን ተቀብለው ወጡ። ሥራ አስኪያጁ በገዛ ባንካቸው ላይ እምነት ማጣታቸውን ሶፍትዌራችሁ እንደመዘገበው አልጠራጠርም።

2ኛ. በማግስቱ ገበያ በእጃችን ያለው ለላሟ አልበቃም። እስከሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ሣሩ በማደጉ ሁሉም ሰው ላም ፈላጊ ሆነና ዋጋው ሰማይ ወጣ። በመጨረሻ የገዛነው ገና ያልወለደች ጊደር ነው። መልኳ ያምራል፣ አመሏም ሸጋ ነው፣ ወተት ግን የላትም፤ እስክትወልድ ድረስ የኦቦ ዱቤ ልጆች ባዶ ሻይ እየጠጡ ይጠብቋታል። ትንሿ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ባዶ ኩባያ ይዛ ከጊደሯ ፊት ትቆማለች። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳይ ተናድጃለሁ፤ የምጽፈው በትሕትና ቢሆንም የተናደድኩት ግን ከልቤ ነው።

3ኛ. እምነታችንን ለመመለስ የባንኩ አርማ ያለበት ጃንጥላ ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ። ለኦቦ ዱቤ ሁለት ደርሷቸዋል። አይታለቡም።

4ኛ. ባህሪያችንን በቅርብ እንዲያጠኑ ባለሙያውን አቶ አምሀን ልካችሁልናል። ትሑት ወጣት ናቸው፤ ሱቄ ተቀምጠው ሶፍትዌሩ ገንዘባችን መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ እንዴት እንደሚገምት በላፕቶፓቸው አስረድተውኛል። እስከ ሰልፉ ቀን ድረስ እኔ የተመዘገብኩት ረግቶ የሚቀመጥ ገንዘብ ካላቸው ደንበኞች ጋር ነበር፤ አሁን ግን ሊሸሹ ከሚችሉት ተርታ ገብቻለሁ። ፋዲል ይህን ሲሰማ፣ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ተነስታ የማታውቀው ሚስቱ ወዴት እንደምትሸሽ ለማወቅ ቸኩሏል። ኦቦ ዱቤን በሚመለከት ደግሞ፣ ሒሳባቸው ባዶ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ከእርሳቸው ምንም ገንዘብ እንደማይጠብቅ አቶ አምሀ ነግረውኛል። ገንዘብ የሚወጣበትን ምክንያት የሚመርጡበትንም ዝርዝር አሳዩኝ፤ ሕክምና አለ፣ ሠርግ አለ፣ ንግድ አለ፣ ድንጋጤም አለ። የሌላ ሰው ከብት ስላለቀ የሚል ግን የለም። አቶ አምሀ ፈልገው ፈልገው ሲያጡት አንገታቸውን ደፉ።

እንግዲህ የምለምንዎት ይህችኑ አንዲት መስመር እንዲያስገቡልን፣ ገደቡንም እንዲያነሱልን ነው። ገደቡ ዛሬም አለ፤ የምትታለበዋም ላም እስካሁን አልተገዛችም። ቀጣዩ ገበያ ሲደርስ እንደገና መሰለፋችን አይቀርምና፣ ሶፍትዌሩ እንዳይደነግጥ አስቀድመው ቢያረጋጉልን ውለታዎን አንረሳም።

ሊሸሹ ይችላሉ ተብለው ከተጠረጠሩት፣ ነገር ግን ወደ ኬንያ ድንበር መውጫ ያለችውን የሜጋን ከተማ እንኳ አይተው ከማያውቁት፣
እስከ ቀጣዩ ሰልፍ ድረስ አክባሪዎ፣
ፈርሃና ሰማታር
ነገሌ ቦረና

ማሳሰቢያ፦ አቶ አምሀ በሚመለሱበት ጠዋት ለመሳፈሪያ ብር ሊያወጡ ቅርንጫፋችሁ ሄደው ነበር፤ ገደቡ ለእርሳቸውም ስለሚሠራ ግን የተሰጣቸው ገንዘብ መንገድ ላይ እስካለችው ቦሬ እንኳ የሚያደርሳቸው አልነበረም። መናኸሪያው በር ላይ ቆመን አዋጣንላቸው። አዲስ አበባ እንደደረሱ እንደሚመልሱ ምለዋል፤ ብድር ስላልሆነ እንዳይቸገሩ ይንገሩልን። ሶፍትዌራችሁም ግምቱን ማረም ቢፈልግ፣ ለመዋጮው ቀድመው እጃቸውን ኪሳቸው የከተቱት ኦቦ ዱቤ ነበሩ።