ያልጠራሁት ደቦ

ይድረስ ለእታለሜ ለብርቱካን፣ ካለሽበት ኩዌት።

እንዴት ከረምሽልኝ? እጅሽን ያቃጥልሽ የነበረው ሽፍታ ለቀቀሽ ወይ? አሠሪሽስ ዕረፍት ትሰጥሻለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅሽን ስላልሰማን እማ በጸሎቷ ሁሉ ስምሽን ታነሣለች። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የአክስታችን ልጅ ዘነበች ናት።

እታለሜ፣ ለማንም ያልነገርሁትን ልነግርሽ ነው። ባለፈው ወር እንቁላል ላደርስ ደብረ ታቦር፣ ጌጤ ሻይ ቤት ገባሁ። በአማርኛ የተተረጎመ፣ ስለ ድሮን፣ ስለ ሰው አልባው የጦር አውሮፕላን የሚያወራ ፊልም ይታይ ነበር። አንድ ወታደር ጨለማ ክፍል ተቀምጦ፣ ስንት አገር አሻግሮ፣ አንድ ግቢ የተሰበሰቡ ሰዎችን ከላይ ያያል። አለቃው ሴት ናት። ከመካከላቸው አንዱ ነገ ብዙ ሰው ይፈጃልና ምታ ትለዋለች። ሌሎቹን አላውቃቸውም ይላል። ነገ ለሚሞቱትስ ማን ይጠየቃል ትለዋለች። ከኋላዬ አንዱ፣ ምን ያንቀራፍፈዋል፣ ቁልፉን ይጫነው እንጂ አለ። ጌጤ፣ እናትህ እዚያ ብትኖርስ አለችው። እናቴማ ድሮኑን በእርግማን ብቻ ታወርደዋለች ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ወታደሩ ተጫነው። ቤቱ ሲገባ ልጁ ውኃ ሰጠችው፤ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። ወታደሩም አለቃውም እውነት የተናገሩ መሰለኝ። እስካሁን አልለቀቀኝም።

ከዚያ ጤፋችን ደረሰ። እማ፣ ማክሰኞ ደቦ አለን ብለሽ ጎረቤቱን ጥሪ ብላ ላከችኝ። አያ ሙላቴ ደጃፍ ስደርስ ያ የድሮን ድምፅ ከሰማይ መጣ። ሩቅ ያለ ወፍጮ ይመስላል፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነው። ሃያ ሰው ማጭድ ይዞ በአንድ መስመር ሲያጎነብስ፣ ሆ ሲል፣ ከላይ ለሚያይ ሰው ምን ይመስለው ይሆን አልሁ። ደቦውን ሳላነሣ እንዴት ዋላችሁ ብቻ ብዬ ተመለስሁ። ሌሎቹም ቤት አልሄድሁም። ለእማ ግን ጠርቻለሁ አልኋት።

ማክሰኞ ጠላው ተጠምቆ ማንም አልመጣም። እማ እስከ ቀትር መንገድ መንገዱን ስታይ ቆየችና ማጭዷን አንሥታ ገባች፤ ተከተልኋት። ለሁለት ሆነን ሳንጨርሰው ሐሙስ ያለ ወቅቱ ዝናብ ወረደበት፤ ብዙው ረገፈ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ሰው የማይደርስልን ሆንን አለችኝ። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደግሞ አያ ሙላቴ፣ ለካ እኛ ለደቦ ለመጠራት አንበቃም አሉኝ። የአባታችንን ሬሳ የተሸከሙ ሰው ለእማ አንገታቸውን እንኳ ሳይሰብሩላት አለፉ። እሷም ፊቷን አዞረች። እኔም እውነቱን ሳልናገር እማን ተከትዬ ወደ ቤት ሄድሁ።

ላድናቸው ብዬ ነበር፣ እታለሜ። ግን ያ ወታደር ሰዎቹን ሳይጠይቅ እንደ ወሰነባቸው እኔም ሳልጠይቅ ወሰንሁባቸው። ደግሞ ተጠርተው መጥተው አንድ ነገር ቢሆኑስ ኖሮ? በሁለቱም በኩል አስቤ ማረፊያ አጣሁ።

አክስታችን አሰፋሽ ሰላም ትልሻለች። ልጇ ታሪኩ ጫማ ላኪልኝ ብሏል። ታናሿ ኤሌኒ ጥርሷ ወልቆ ስምሽን በትክክል አትጠራውም፤ ግን በጣም ትናፍቅሻለች።

እንደምታውቂው እማ ደብዳቤ ሳይታሸግ ታስነብበኛለች፤ እስከ ዛሬ የሚያሳዝናትን እየዘለልሁ ነበር። ይህን አሁን ሳልዘል አነበብሁላት። ከዚያ፣ ደኅና ነኝ በያት አለችና ነጠላዋን ለበሰች። በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። አያ ሙላቴ ቤት እወስድሻለሁ፣ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ ብላኛለች።

እኅትሽ ፍቅርአዲስ
ጋፋት፣ ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.