ከምሰሶው ሥር የተቆፈረው አፈር

ሰኞ፣ መጋቢት 17 ቀን 1976

ትናንት ደልድዬ የተውኩት አፈር ዛሬ ጠዋት ተቆፍሮ አገኘሁት። በአካፋ አይደለም፤ አካፋ ጠርዝ ይተዋል። አፈሩ ወደ ጎን ተገፍቶ የመዳብ ሽቦው ራቁቱን ወጥቷል። ዙሪያው ጠጠር ስለሆነ ዱካ የለም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ሲጻፍ ይገባኛል። የሬዲዮው ምሰሶ ቆሟል። ሦስት የውሃ ቧንቧ ተቀጥሎ፣ በሽቦ ተወጥሮ፣ በቱንቢ ታይቶ ቀጥ ብሏል። አንቴናውም ተሰቅሏል። ከሥሩ ጉድጓድ ቆፍሬ የመዳብ ዘንግ ቀብሬ በመዳብ ሽቦ ከምሰሶው ጋር አገናኝቻለሁ፤ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞልቼ ውሃ አጠጥቼዋለሁ። መብረቅ ቢመታ ኃይሉ በሽቦው ወርዶ መሬት እንዲውጠው ነው። የጅማ ዝናብ ደርሷል። ይህን ሁሉ ብረት ያለ ኧርዝ፣ ማለትም ያለዚህ የመሬት መስመር፣ ቤቴ ጎን ማቆም መብረቅን በስሙ መጥራት ነው።

የሬዲዮ መላኪያዬን ገና ለውጡ እንደመጣ አስረክቤያለሁ። ያለኝ መቀበያ ብቻ ነው፤ የማዳመጥ ፈቃዱም ከአዲስ አበባ መጥቷል። ሆኖም የቀበሌው ሊቀመንበር ዓርብ ጠዋት ከጥበቃዎቹ ጋር መጥቶ ምሰሶውን "ያየዋል"። ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው "አንተ" ይለኛል።

ማን ነው የቆፈረው?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18

ዛሬም ተቆፍሯል።

ባለቤቴ ወይንሸት "ውሻ ነው" አለች። ውሻ በእግሩ ጭሮ አፈሩን ወደ ኋላ ይበትናል፤ ይህ ግን ተገፍቷል አልኳት። "እንግዲህ ውሻውንም ፊዚክስ አስተምረው" ብላኝ ገባች።

ያልነገርኳት ይህን ነው። በቤት ለቤት አሰሳው ጊዜ አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሰው ጓሮው ተቆፍሮ ከጎመኑ ሥር ጥይት ወጣ። አይቼው አላውቅም ብሎ ማለ። ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ጥይቱን ማን እንደቀበረው እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን በእኔ ጓሮ ውስጥ የሚቆፍር ሰው አለ፣ ዓርብ ደግሞ ፍተሻ አለ። ሁለቱን መደመር ከባድ ሂሳብ አይደለም።

አፈሩን እስከ ከሰሉ ድረስ በጣቴ ፈተሽኩት። ምንም የለም። መልሼ ደፈንኩት።

የምጠረጥረው ሐጂ ተማምን ነው። ሄርማታ ገበያ ቡና ይነግዳል፤ የሚለየን የቆሽም አጥር ብቻ ነው፣ እሱም ተሸንቁሯል። ጉድጓዱን ስሞላ በሽንቁሩ አሻግሮ እያየ "ማሎ መምህር፣ ይሄ ሁሉ ጨው ለመሬት? ምን ያህል ነው?" ብሎኝ ነበር። ምን ያህል ብሎ ምን ያደርግለታል?

ረቡዕ፣ መጋቢት 19

ትናንት ሲመሽ ጠጠሩ ላይ አመድ ነስንሼ ነበር፤ ዱካ እንዲይዝልኝ። ሌሊት ካፊያ ጥሎ አመዱን አጥቦ ወሰደው። ጉድጓዱ ግን ተቆፍሯል።

ትዕግሥቴ አለቀና ሐጂ ደጅ ሄድኩ። "ሐጂ፣ ለማን ብለው ነው የሚቆፍሩብኝ?" አልኩ ፊት ለፊት።

መቁጠሪያውን እንደያዘ ትክ ብሎ አየኝ። "ሱብሃነላህ! እኔ በዚህ ወገብ? ወላሂ መምህር፣ ቀን ታስተምራለህ፣ ሌሊት ትጠራጠራለህ፤ መቼ ነው የምትተኛው?"

ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ይህን ልብ ብያለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 20

ተቆፍሯል። ፈተሽኩ። የለም። ደፈንኩ።

አንድ ነገር ሊቀብሩብኝ ከፈለጉ የነገው ንጋት ይበቃቸዋል።

ፈቃዱ ኮት ኪሴ ውስጥ ነው። ጢሜን ተላጭቻለሁ። ወይንሸት ወፍራም ሹራቤንና ካልሲ አጣጥፋ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 21

እንደ ወትሮው ተቆፍሮ አደረ። ለመፈተሽ ጎንበስ ስል በሩ ተንኳኳ።

ሊቀመንበሩ ወደ ምሰሶው ቀና እንኳን አላለም። ዓይኑ አፈሩ ላይ ነው። "ምን ቀበርክ?" አለ። ስለ መሬት እርጥበት፣ ስለ ጨው፣ ስለ ኤሌክትሪክ ማስረዳት ጀመርኩ። ባብራራሁ ቁጥር ፊቱ ጠቆረ። "ቆፍረው" አለው አንዱን ጥበቃ።

አካፋው ገባ። ከሰል ወጣ። ነጭ ነገር ያዘለ አፈር ወጣ። ያን ጊዜ አጥሩ ተንኮሻኮሸ፤ የሐጂ ላም ቡሬ በሽንቁሩ በኩል ቆሽሙን ሰንጥቃ ገባች፣ ቆፋሪውን በጎኗ ገፋ አድርጋ ምላሷን ክምሩ ውስጥ ሰደደች። በአፍንጫዋ አፈሩን ወደ ጎን፣ ወደ ጎን።

ጥበቃዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ሳምንቱን ሙሉ ያባነነኝ ጠላት ይህች ናት!

ሊቀመንበሩ ግን ከነጩ ነገር ቆንጥሮ ቀመሰ። "ጨው ነው" አለ። ሳቁ ቆመ። "የቀበሌው ሱቅ ጨው ካጣ ሰንብቷል። ሕዝቡ ያለ ጨው ወጥ እየበላ አንተ መሬት ታበላለህ? ከየት አመጣኸው?"

ከአጋሮ ገበያ ገዝቼ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ሐጂ ከአጥሩ ወዲያ ቀደመኝ።

"የእኔ ነው ጓድ። የከብት ጨው ነው። ላሜን ሆራ ወርዶ ጨዋማውን ውሃ የሚያጠጣልኝ ሰው አጣሁ፤ መምህር ጓሮውን ፈቀደልኝ፣ አላህ ይስጠው።"

አንድም እውነት የለበትም። በልኬት የሠራሁት ኧርዝ የላም መላሻ ሆነ። ላርመው ስል ወይንሸትን አየኋት፤ ሹራቡን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። አፌን ዘጋሁ።

"ሽቦውስ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ለመብረቅ ነው" አልኩና ፈቃዱን ሰጠሁት። ሌላ አልጨመርኩም። አንብቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ። "በደንብ ድፈነው" ብሎ ወጣ።

ሐጂ ለምን ዋሸልኝ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22

ከሰዓት በኋላ በደዶ በኩል ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። አንዱ ብልጭታ ከነጎድጓዱ ጋር እኩል መጣ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ምሰሶውን ይምታው አጠገቡን አላውቅም። ቤቱ ቆሟል፣ መቀበያውም ይሠራል።

ሲያባራ ጉድጓዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንኩበት። ሐጂ በሽንቁሩ በኩል ብቅ አለ።

"መምህር፣ ድንጋይ ጫንክበት?"

"አዎ።"

"ታዲያ ቡሬስ?"

ቡሬ ከዛፍ ጋር ታስራለች። ገመዱን አየሁት፤ አልተበጠሰም፣ አልተበላም። ቋጠሮው የሰው እጅ የቋጠረው ነው፣ ያውም ደርቦ።

"ሐጂ፣ ይህን ገመድ ሌሊት ሌሊት ማን ይፈታው ነበር?"

ሰማዩን አየ። "አላህ ያውቃል" አለ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከዚያ ጨው ተረፈህ እንዴ?"

ተርፎኛል። ግማሹን በአጥሩ ላይ አቀበልኩት፤ አመሰገነኝ፣ የቀረውን የት እንዳስቀመጥኩት ግን ጠየቀኝ። አልነገርኩትም።

ድንጋዩን ነገ ጠዋት አየዋለሁ።