ያንተ አንድ ነው

ይድረስ ለእትዬ ትሩፋት፤ አንቺም ልጆቹም እንዴት ከርማችኋል? እኔ ከአሶሳ ሙቀት በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ ተመስገን።

ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን ቀጥያለሁ። ዘንድሮ ሳክስፎኑን ነፍቼ ከማሳየት ይልቅ በፒያኖ አስረዳለሁ፤ ለተማሪዎቹም ይቀላቸዋል። ደረጃው እንዳያደክመኝ ክፍሌን ከፎቅ ወደ ምድር ቤት አውርደውልኛል፤ ደግ ሰዎች ናቸው። የቅዳሜውን የሆቴል ጃዝ ለተማሪዬ ለሙሌ ትቼለታለሁ።

እሑድ ሆሞሻ ሄጄ ከበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌዎች ጋር ዙምባራ ነፋሁ። ከቅል የተሠራ ረጅም መለከት ነው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይነፋል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። እኔ የጃዝ አመሌ አልለቅ ብሎኝ በሌሎቹ ተራ ገባሁባቸው። መሪያቸው አቶ አልመሐዲ ፊቴን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና ክንዴን ይዘው፣ «ኡስታዝ» (መምህር ማለታቸው ነው)፣ «ያንተ አንድ ነው። ለሌላው ሌላ ሰው አለ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ተራዬ እስኪደርስ ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ስነፋ፣ ማረፍ እንዲህ እንደሚጥም አላወቅሁም ነበር።

ለሳክስፎኑ አፍ የሚሆነውን ሸምበቆ ልላክልህ ላልሽው፣ አትድከሚ። ያምናው እሽግ ገና አልተፈታም። እማዬ ከጠየቀችሽ ግን ይነፋል በያት፤ አንድ ድምፅም ቢሆን እነፋለሁና ውሸት አይሆንብሽም።

በደህና ያገናኘን።
ወንድምሽ ኪዳነወልድ