ዝገት ያልነካው ፉርጎ

ውድ ልጄ ቪብከ፣

በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፣ ወጥተሽ በሰላም ግቢ። እዚህ ሃርዝ ተራራ ሥር ዘንድሮ ፕሪሙ ስለበዛ ማርማላታዬ ከጓዳ አልፎ አልጋ ሥር ገብቷል። ቺሊ ውስጥ ግን በደንብ ትበያለሽ? በፎቶው አንገትሽ ቀጥኖብኛል።

አባትሽን ጠርጥሬው ነበር። ራሰ በራ ሰውዬ የፀጉር ስፕሬይ እየገዛ ምድር ቤት ይወርዳል! ሰሞኑን ደግሞ ኮሌታው ላይ ቡናማ የዓይን መኳኳያ ዱቄት አገኘሁ።

"ኤካርት፣ ሴትዮዋ ማን ናት?" አልኩት።

"የምን ሴትዮ? የገዛሁት ዝገት እኮ ነው!"

"ዝገት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚገዛው?"

"ነይና እዪዋ!"

ተከትዬው ወረድኩ። እነዚያን ትንንሽ የመጫወቻ ባቡሮቹን ያረጁ ለማስመሰል በመኳኳያው ዝገት ቀብቷቸዋል፤ ዱቄቱ እንዳይረግፍ ስፕሬይ ይነፋበታል። የሐዲዱ ድልድይ እንኳ አልቀረም። አንድ ፉርጎ ብቻ አዲስ እንደሆነ ያበራል።

"ይሄንንስ ለማን ብለህ ነው?" አልኩት፤ ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም።

ጎንበስ ብዬ በፉርጎው መስኮት ሳይ ጥፍር የማታህል ልጅ ቀይ ሻንጣ አቅፋ ተቀምጣለች። ሻንጣሽን አወቅኩት።

"ይሄማ ገና ትናንት አይደል የሄደው፤ በምን ይዝጋል?" አለኝ።

ከሄድሽ እኮ ስድስት ዓመት አለፈ።

አሁን የምጠረጥረው አንቺን ነው። "ለገና እመጣለሁ" ያልሽው ከልብሽ ነው? አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጄ። ነይለትና ያንን ፉርጎ ዝገት ይቀባው።

እናትሽ ኢልዘ