ክር የታሰረበት ሃይላንድ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣ ለአቶ ዓለምሰገድ።

አባዬ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ዳገቱን ያስወጣዎታል? እማዬን ጾሙ እንዴት ይዟታል፣ አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አልቀምስም ትላለች? ከብቶቹስ ከኩሬው ጭቃ የተሻለ የሚጠጡት አገኙ? በልጉስ ደመና አሳየ? ጥያቄ አበዛሁ አይደል? “ይቺ ልጅ አፏ አያርፍም” እንዳሉኝ አደግኩ፣ ዛሬም አላረፈም። እኔ በጸሎታችሁ ደህና ነኝ። ኤርፖርት ካርጎ ውስጥ ዕቃ መመዘኔን ቀጥያለሁ፤ ጎሮም ከጓደኛዬ ከዕፀገነት ጋር ያችኑ አንድ ክፍል ይዘናል። ውሃችን በፈረቃ ነው፤ በመጣ ቀን ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ እስከ ሻይ ብርጭቆው ድረስ ይሞላል።

ዛሬ የምጽፈው ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ዓርብ በስልክ “የአዲሱ ጉድጓድ ውሃ ደህና ነው፣ ሕዝቡ ይጠጣው” ያልኩዎት ስሕተት ነው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ብደውል ስልክዎ አልሠራ አለኝ። የጉድጓዱ ቦኖ የፊታችን ሐሙስ ከመከፈቱ በፊት እንዲደርስዎ፣ እህል ነጋዴው በረከት ነገ ሲመለስ በእጁ እልከዋለሁ። እንዴት እንደተሳሳትኩ ልንገርዎ፤ ከሳቁም ይሳቁ።

በረከት ባለፈው ሐሙስ ሁለት ሃይላንድ አደረሰኝ፤ አንዱ እርስዎ ለምርመራ ከጉድጓዱ የቀዱት፣ ሌላው እማዬ የላከችልኝ ጠበል። የአንደኛው አንገት ላይ ጥቁር ክር ታስሯል። እኔ ደግሞ ክር ሳይ ማተብ መሰለኝ። እማዬ ለጠበሉ ክብር ያሰረችበት ነው ብዬ ከሥዕሉ ሥር አኖርኩት። ለካስ ክሩን ያሰሩት እርስዎ ኖረዋል፣ የጉድጓዱ ውሃ ከጠበሉ እንዳይምታታብኝ ብለው!

ዓርብ የጠዋት ሥራዬን ጨርሼ፣ ክር የሌለበትን ይዤ ቦሌ ወደ ነገርኩዎት አዳራሽ ሄድኩ። በደረቅ አገር ውሃ እንዴት እንደሚዘልቅ የሚያሳይ የሦስት ቀን ዐውደ ርእይ ነው፤ ውሃ ይዞ ለመጣም በነጻ ይመረምሩለታል። አባዬ፣ ያላየሁት ጉድ የለም። ከጉም ላይ ውሃ የሚያጠምድ መረብ አለ፤ በወንዝ አሸዋ ውስጥ ውሃ አጠራቅሞ የሚያቆይ ግድብ አለ። ከሶማሌ ክልል የመጡ አብዱልናስር የሚባሉ ሰው፣ እነሱ ብርካ የሚሉትን በሲሚንቶ የተለሰነ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አሳዩኝ። በጥያቄ ወጥሬ ያዝኳቸው፤ ክዳን ባይኖረውስ? ትንኝ አይራባበትም? ስንት ወር ያደርሳል? “አንቺ የውሃ ኮሚቴ ነሽ እንዴ?” ብለው ሳቁ። “ሊቀመንበሩ አባቴ ነው” አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ።

ምሩጽ የሚባለው መርማሪ ከያዝኩት ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ቀድቶ ቀይ መድኃኒት ጠብ አደረገበት። ቀዩ ከቆየ ደህና ነው፤ ወደ ቢጫ ከሄደ ግን ፍሎራይድ የሚባል፣ ከከርሰ ምድር ድንጋይ የሚሟሟ ነገር በዝቶበታል ማለት ነው። ቀዩ ንቅንቅ አላለም። “ይህን ያገኘ መንደር የታደለ ነው” አለኝ። ደስታዬ አላስችል ብሎኝ እዚያው ቆሜ ደወልኩልዎ።

ቅዳሜ ጠዋት ዕፀገነት በባዶ ሆዷ ጠበል ልቅመስ ብላ ክር ከታሰረበት ተጎነጨችና ፊቷን አጨማደደች። “ፀዲዬ፣ ጠበሉ ጨው ጨው አለኝ እኮ!” አለች። ቀመስኩትና ክው አልኩ። ያስመረመርኩት የእማዬን ጠበል ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ሃይላንዱን ታቅፌ፣ ዐውደ ርእዩ ሳይዘጋ ብዬ ሮጥኩ። ምሩጽ መድኃኒቱን ጠብ ሲያደርግበት ቀዩ ዓይኔ እያየ ገርጥቶ ቢጫ ሆነ።

ፍሎራይዱ ከሚፈቀደው ከእጥፍ በላይ ነው አለኝ። ቢያፈሉትም አይጠፋም። ለልብስና ለገላ ይሆናል፤ ለዓመታት ከጠጡት ግን አጥንት ይጎዳል፣ የልጆችን ጥርስ ደግሞ ገና ሳይበቅል ያበላሸዋል፣ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። የእሱ ምርመራ የመጨረሻ ስላልሆነ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በላቦራቶሪ ያረጋግጥ፣ እስከዚያ ግን ልጆች እንዳይጠጡት አለ። አብዱልናስርም ከትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ የሚወርደውን የክረምት ዝናብ ለልጆቹ እንዴት ማጠራቀም እንደሚቻል በወረቀት ነድፈው ሰጥተውኛል፤ ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ።

አባዬ፣ ምን ያህል እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተው ያስቆፈሩት ጉድጓድ ነው። ዛሬም ከቅዳሴ በኋላ “ልጄ አስመርምራዋለች” ብለው ሳይናገሩ አልቀሩም። ቃልዎን አጥፈው አያውቁም፤ ለዚህ ግን ማጠፍ አለብዎት። ደብዳቤዬን በሕዝቡ ፊት ያንብቡት፣ “ልጄ ጠበልና የጉድጓድ ውሃ አትለይም” ይበሉ። እርስዎ አይፈሩ፣ ማፈሩን ለእኔ ይተዉልኝ።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። ጠበሏ ተመርምሮ ንጹሕ መባሉን ይንገሯት፤ “መች ጠፋኝ” እንደምትል አውቃለሁ። ወንድሜን ቢሩክን፣ ባለቤቱን አፀደንም እንደናፈቁኝ ይንገሩልኝ። ትንሿን ልጃቸውን ቤዛዊትን ደግሞ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ስለ እሷ ምሩጽን ለብቻው ጠይቄው ነበር። ሦስት ዓመቷ ነው ስለው፣ አሁን የምታሳያችሁ የወተት ጥርሶቿን ነው፣ ዕድሜ ልኳን የምትስቅባቸው ገና ከድዷ ሥር እየተሠሩ ነው አለኝ።

ልጅዎ ፀደንያ ዓለምሰገድ
ጎሮ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.